አውሎ ነፋሷ በየት ትገባለች?

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ጥፋቱ የኤውሎጂዮ ነው። የሌላ የማንም አይደለም። ልጄ ኦሬስቴስ ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ከዚህ ጭቃ ያልወጣው በእሱ ወሬ ነው። የክርስትና አባቱ ሆኖ ምን አወረሰው? ወሬ።

ዛሬ ደግሞ ከላይ፣ ከሎማ አልታ፣ የወተት ፋብሪካው ሰውዬ መጥቶ ነበር። ሥራ አለ አለው። ቤትም ይሰጣሉ፣ የሲሚንቶ ቤት። ኦሬስቴስ ኮፍያውን አውልቆ አመሰገነና "እስቲ የዘንድሮው የአውሎ ወቅት ይለፍ" አለው። ይለፍ! ሰው አውሎ ነፋስን ይሸሻል እንጂ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?

እዚህ ላ ጋርሳ ግን ይጠበቃል። የሚጠበቀው ያ ዓመት ነው... ባሕሩ የሸሸበት። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አውሎ ነፋሱ በግራችን ገባ፣ በሲየንፉዌጎስ በኩል። ነፋሱ ከየብስ እየመጣ ባሕሩን ወደ ውስጥ ገፋው። ወለሉ ራቁቱን ቀረ። ወንዶቹ ሌላ ጊዜ ታቹ መስታወት በሆነ ባልዲ አጎንብሰው እያዩ፣ በረጅም መንጠቆ ስበው አንድ በአንድ የሚያወጡትን፣ ከባሕሩ ወለል የሚበቅለውን ስፖንጅ ያን ቀን በእግራቸው ገብተው እንደ ድንች ለቀሙት። እዚህ መንደር ቆርቆሮ ያለው ሁሉ ቆርቆሮው ከዚያ ቀን ነው። አስቀድሞ የተናገረው ኤውሎጂዮ ነበር። "ወደ ባሕሩ ዞራችሁ ስትቆሙ በግራ ከገባች ባሕሩ ይሸሻል። በቀኝ ከገባች ባሕሩ ይመጣል። ይቺ በግራ ናት" አለ። ሆነ። በቃ፣ ነቢይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ሳተ? እሱን የሚያስታውስ የለም። እኔ አስታውሳለሁ።

ለገበያ የሚሄደውን ስፖንጅ ጠርዙን ስከረክም ዋልኩ። መቀሱ ደንዟል። ጣቶቼም።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጅ ወደ ከተማዋ ስትመለስ "እማማ፣ በየጊዜው አንድ ነገር ጻፊ፣ አለዚያ ይጠፋብሻል" ብላኝ ነበር። በስተርጅና የመጣ ነገር ቶሎ ይጠፋል መሰለኝ። እንግዲህ ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ሬዲዮው ከሆንዱራስ በላይ ባሕሩ ውስጥ አንድ ነገር መሽከርከር ጀምሯል አለ። ገና ስም የላትም።

ከሰዓት በኋላ የስፖንጅ ዳሱ በሰው ሞላ። ኤውሎጂዮ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ እንደ ጳጳስ። ሬዲዮው የሱ፣ ባትሪው የሱ... እግዜሩም የሱ ሳይሆን አይቀርም።

"ጋሽ ኤውሎጂዮ፣ በየት ናት?"

"ኧረ ገና ምጥ ላይ ናት። ያልተወለደ ልጅ ማንን እንደሚመስል ይታወቃል እንዴ?"

ሳቁለት። እሱ ሲናገር ይሳቃል። እኔ ስናገር "ደግሞ ጀመረች" ይባላል።

ኦሬስቴስ እግሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። አርባ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሰው፣ መሬት ላይ፣ እንደ ተማሪ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

ስም አወጡላት። ኤርሚና።

ቤኒግኖ፣ የኦሬስቴስ የጀልባ ባልንጀራ፣ "የሴት ስም የሚያወጡላቸው ለምን መሰላችሁ? ቤት ስለሚያፈርሱ ነው" አለ።

"ወንድ ብትሆንማ መች ከመሸታ ቤት ተነስታ እዚህ ትደርስ ነበር" አልኩት።

ሴቶቹ አሽካኩ። ምራቴ ሴናይዳ እንኳ ሳቀች፤ እኔ በተናገርኩት መሳቅ ዕዳ የሚመስላት።

ከዚያ ሬዲዮው። የሚያነበው ሰውዬ ድምፁ የደከመ ነው። ከፒናር ዴል ሪዮ እስከ ሲየንፉዌጎስ ባለው ጠረፍ በአንዱ በኩል ትገባለች፣ በትክክል በየት እንደሆነ አሁን ለመናገር አይቻልም... አለ። እኛ መሃል ነን። በግራችንም በቀኛችንም ልትገባ ትችላለች ማለት ነው።

አንዱ ተናደደ። "ለዚህ ነው ደሞዝ የሚበላው? አላውቅም ለማለትማ እኔም እበቃ ነበር!"

እኔ ሰውዬውን ወደድኩት። አላውቅም የሚል ወንድ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ አላለም። ባሌም አላለ። ቄሱማ ጭራሽ።

ኤውሎጂዮ ተነስቶ ወጣ። ውሃው ዳር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ማዕበሉን ያዳምጣል። ተመልሶ ጠመኔውን አነሳ፣ ጠረፉን በዳሱ ግድግዳ ላይ ሣለ፣ ላ ጋርሳን በነጥብ አስቀመጠ። ቀስቱን ከባሕሩ አምጥቶ በግራ ሰነቀረው።

"በሲየንፉዌጎስ።"

ጭብጨባ። ፉጨት። ኦሬስቴስ ቤኒግኖን አቅፎ ከመሬት አነሳው።

ሲየንፉዌጎስም ሰው አለ እኮ። የባሌ እህት እዚያ ናት። ማንም አላሰባት። እኔም ያሰብኳት አሁን ስጽፍ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ከረጢት ይሰፋል። ቢላ ይሳላል። የሠርግ ዋዜማ ይመስላል። ሴናይዳ ለባሏ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ትልቅ ከረጢት ሰፋችለት፤ ማንገቻውን ደግማ ደጋግማ ነው የጠቀመችው፣ እንዳይበጠስ። እየዘፈነች።

"እትዬ፣ ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው? አዲስ ቀሚስ እኮ ልትለብሺ ነው።"

"መግነዝም አዲስ ጨርቅ ነው" አልኳት።

አማተበች። ምነው ባልተናገርኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ጓድ ኢልዳ በጂፕ መጣች። ከአደጋ መከላከያ ኮሚቴው ናት። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ። ነገ ጧት የጭነት መኪና ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሎማ አልታ ትምህርት ቤት ይወጣል አለች። ሁሉ። ወንዶቹም።

ኤውሎጂዮ ከሳጥኑ ሳይነሳ "ጓድ፣ በላ ጋርሳ ሴትና ልጅ ይወጣል። ወንድ ጀልባውን ትቶ አይወጣም። አያቶቻችንም አልወጡ" አላት።

"አያቶቻችሁ የታሉ?"

"ሞተዋል።"

"ይኸው!"

ደስ አለኝ። ግን ማን ይሰማታል? እሷ እንደሄደች ወንዶቹ ነገ መኪናው ሲመጣ ባሕሩ ዳር ጭቃው ላይ በበቀለው የማንግሮቭ ጫካ ውስጥ የት የት እንደሚደበቁ ይከፋፈሉ ጀመር። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

ኦሬስቴስን እራት ላይ ያዝኩት። የተቀቀለ ካሳቫ፣ ጥቁር ባቄላ። ቀና አላለም።

"አንተ ልጅ፣ በቀኝ ብትገባስ?"

"አትገባም።"

"ማን አለህ?"

"እማዬ... ታውቂዋለሽ ማን እንዳለ።"

"ሬዲዮው አላውቅም ብሏል።"

"ሬዲዮው ባሕር አይቶ አያውቅማ! አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ለቅሜ ከዚያ ወደ ወተታችሁም ወደ ላሞቻችሁም እሄዳለሁ። ምያለሁ።"

ሴናይዳን አየኋት። ሳህኑን አየች። እሷም ትፈልገዋለች፤ ያንን አንድ ቀን። ማን የማይፈልገው አለ።

ከዚያ የማላደርገውን አደረግሁ። ኤውሎጂዮ ቤት ሄድኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ሲጋራውን ይጠቀልላል።

"አበልጄ፣ ግቢ። ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። ልጄን ውጣ በለው። እኔን አይሰማም፤ አንተን ይሰማሃል።"

"ኦሬስቴስ የኔም ልጅ ነው። ካህኑ ፊት የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ በቀኝ ብትገባስ?"

"ባሕሩ ይመጣል።"

"እሱስ ገብቶኛል!"

"አትገባም ግን፣ አበልጄ። ሰማኋት።"

ፊቱ ላይ ምንም የለም። ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውሸታም ሰው ሲለምኑት ይለሳለሳል። እሱ ግን ያምንበታል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሆኜ ነው። ሴናይዳ አጠገቤ ጥቅልሏን አቅፋ ተቀምጣለች።

ጧት መኪናው ሲመጣ አንድም ወንድ የለም። ጠፍተዋል። ጓድ ኢልዳ ወገቧን ይዛ ማንግሮቩን ታያለች። ሄጄ እጇን ያዝኩ።

"ልጄ እዚያ ውስጥ ነው። አስወጪልኝ። በግድ አስወጪልኝ።"

"የቱ ጋ፣ እናት?"

"ከተሰበረችው ጀልባ ጀርባ።"

ሴቶቹ ጉድ አሉ። ልጇን አጋለጠች አሉ። ይበሉ። ኢልዳ አብሯት የመጣውን ሚሊሻ ላከች። ገባ፣ ቆየ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ማንንም አላገኘም።

እኔው ዳሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ። "ኦሬስቴስ! ኧረ ልጄ ውጣ!" ምንም። ደግሜ ጠራሁ። ከቅጠሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ። የሱ ይሁን የቤኒግኖ አላውቅም። እዚያው ነበር። እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል... አልመለሰልኝም።

መኪናው ጡሩንባ ነፋ። አነሱኝ። በብብቴ ይዘው እንደ ከረጢት አነሱኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ጧት። የዚህ ትምህርት ቤት አስተማሪ ካርታ ግድግዳው ላይ ዘርግቷል። ሬዲዮው ቁጥር በተናገረ ቁጥር መርፌ ይሰካል፣ ከመርፌው ወደ መርፌው ክር ይስባል። ቀጭን ቀይ ክር። ከታች ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ሲየንፉዌጎስ የሚያደላ መሰለ። የኤውሎጂዮ ግራ። ሴቶቹ ተጨባበጡ።

መስኮቱ በሳንቃ ተቸንክሯል፤ ቀዳዳ አለው። ዘንባባዎቹን አያለሁ። ወደ ባሕሩ አጎንብሰዋል። ነፋሱ ከኛ ወደዚያ ነው። ይኸኔ ባሕሩ ሸሽቷል። ይኸኔ እየለቀመ ነው።

ልክ ይሆን እንዴ ሽማግሌው? ልክ ይሁን። እግዚአብሔር ሆይ፣ ልክ አድርገው። በሕይወቴ እሱ ልክ እንዲሆን የጸለይኩት ዛሬ ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይቶ። ሬዲዮው እንደገና ተናገረ። አስተማሪው መርፌውን ይዞ ቆመ። ሰካ።

"ታጠፈች" አለ።

"ወዴት?" አልኩ።

"ወደ ምዕራብ። ትንሽ ናት፤ እዚህ ለኛ ለውጥ የለውም፣ እናት።"

"ከላ ጋርሳ በየት በኩል ናት?"

ክሩን በጣቱ አስከትሎ ወደ ጠረፉ አመጣው። ነጥባችንን በምሥራቅ ትቶ አለፈ።

"ወደ ባሕሩ ዞረሽ ስትቆሚ... በቀኝ በኩል መሰለኝ።"

ትንሽ ናት አለ። ካርታው ላይ የጥፍር ስፋት አይሞላም።

ወደ ጓድ ኢልዳ ሮጥኩ። ስልኩን አዙሪው አልኳት። አዞረችው። "ላ ጋርሳ! ላ ጋርሳ!" የሱቁ ስልክ ነው የሚጮኸው፤ ሱቁ ውስጥ ማን አለ? ሁሉም ባሕር ውስጥ ናቸው። ሰው ላኪ አልኳት። ድልድዩን ወንዙ ወስዶታል አለች። በእግሬ ልሂድ አልኩ። በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። አልቅሳ ነበር። እኔ አላለቀስኩም።

ሴናይዳ ቀዳዳው ጋ ናት።

"እትዬ፣ ዘንባባዎቹ ተቃኑ። ነፋሱ ቆመ። እልል በይ እንጂ!"

እሷ የመጣችው ከተራራው ነው። አታውቅም።

አሁን ጎን ለጎን ይወዛወዛሉ... እንደ ሰካራም።

ከባሕሩ ወደኛ አጎነበሱ።

"ምን ማለት ነው እትዬ?"

"ነፋስ ነው" አልኳት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17

በጀልባ መለሱን። ላ ጋርሳ ጠፍጣፋ ሆናለች። ኩሽናችን ያለበትን ያወቅሁት በምድጃው ድንጋይ ነው።

የሞቱት ወንዶች ብዙ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። የሌላው ሰው ልጅ ስም ቢጻፍ የኔን አያመጣልኝ።

ቤኒግኖ ተርፏል። ክንዱ ተሰብሯል። እየተንተባተበ ነገረን።

ባሕሩ ጧት ሸሸ። ኤውሎጂዮ እንዳለው፣ ልክ እንዳለው። ወንዶቹ ከማንግሮቩ ወጥተው እየዘፈኑ ገቡ። ስፖንጁ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፣ ዓሣው ይዘላል። መጀመሪያ ቅርብ ቅርቡን። ከዚያ ኦሬስቴስ ጥሩዎቹ ከቦዩ ማዶ ናቸው አለ። ለስላሳዎቹ። እሱ ዓይኑ ጥሩ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ... ሄዱ። ኤውሎጂዮ ጉልበቱ ጭቃውን አልችል ስላለ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

"ነፋሱ ዝም አለ፣ እማማ። ጆሮዬ ደነቆረ መሰለኝ። ከዚያ ሽማግሌው የዛጎል መለከቱን ነፋ። ነፋ፣ ነፋ። ዞር ስል አድማሱ ላይ ነጭ መስመር አየሁ። ኦሬስቴስን ና እንሩጥ አልኩት። ከረጢቱን ጣለው አልኩት።"

"ምን አለህ?"

የተሰበረ ክንዱን በደህናው እጁ አቀፈ።

"ምን አለ ልጄ?"

"ገና አልሞላም አለኝ።"

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18

ሴቶቹ ሻማ በቅል ላይ አቁመው ባሕሩ ላይ ለቀቁልኝ። የሰጠመው ሰው ካለበት ላይ ሲደርስ ይቆማል ይላሉ። ሻማው ጠፋ። ቅሉ እግሬ ሥር ተመልሶ መጣ።

ውሃው የወሰደውን የት እንደሚያወጣ የሚያውቅ እዚህ አንድ ሰው ነው። አንድ ብቻ። ይህን መጻፍ እጠላለሁ።

ሄድኩ። የተገለበጠ ጀልባ ሥር ተቀምጧል። ሳጥኑ የለም፣ ሬዲዮው የለም። አረጀ። ሰው በሦስት ቀን ያን ያህል ያረጃል?

"አበልጄ" አለ።

"ልጄን ውሃው የት ነው የሚያወጣው?"

"ነፋሁ እኮ። ከንፈሬ እስኪደማ ነፋሁ..."

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

ፊቱ ቆምኩ። እንዲህ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፦ ጥፋቱ የኔ ነው። አንዲት ቃል። ብሰማት ምን አደርጋት ነበር? አላውቅም። አላለም። ተነስቶ ውሃው ዳር ሄደ፣ እንደዚያን ቀን ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ስንጥር እንጨት ጣለ፤ እስክትሄድ ጠበቀ።

"ከወንዙ አፍ አለፍ ብሎ፣ ማንግሮቩ ወደ ውስጥ በሚጎብጥበት። ከነገ ወዲያ፣ ውሃው ሲመለስ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በዚህ እርግጠኛ ነኝ።"

በዚህ አለ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

እዚያው ነበር።

ከረጢቱ ከትከሻው አልወረደም። ማንገቻው አልተበጠሰም። ሞልቷል። ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ ይጠይቀኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።

ሴናይዳ ማንገቻውን በዓይኗ ይዛ "እኔ ነኝ... እኔ ነኝ የሰፋሁት" ትላለች። አፏን በእጄ ያዝኩ። አንቺ አይደለሽም አልኳት። ታዲያ ማነው ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ኤውሎጂዮ ከፊት የቃሬዛውን አንድ እግር ተሸክሞ ነበር። እየተንገዳገደ። ሌላ ሰው ሊቀበለው ሲል እምቢ አለ።

አልተናገርኩም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ጓድ ኢልዳ ቆርቆሮና ዱቄት ይዛ መጣች። ኮሚቴው ገምግሟል፣ ትንበያው ልክ ነበር አለች። አውሎ ነፋሷ በተባለው ጠረፍ ውስጥ ነው የገባችው። ይህን ስትል ዓይኔን አላየችም፤ የተሰጣትን ነው የምትናገረው።

ዳሱ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ። "ሽማግሌውም አልተሳሳተም እኮ። ባሕሩ ይሸሻል አለ፣ ሸሸ" ይላሉ። ባል የቀበረችው ሳትቀር እንዲያ ትላለች።

ሬዲዮው ልክ። ኮሚቴው ልክ። ኤውሎጂዮ ልክ። እንግዲህ የተሳሳተው ልጄ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

ኮሚቴው በሰጠን ቆርቆሮ ካቆምናት ቤት ውስጥ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ሴናይዳ ናት። የከረጢቱን ስፖንጅ አጥባ፣ ወቅታ፣ እየከረከመች።

"አትንኪው!"

"እና ይበስብስ? ይህን ነው ለቅሞ የሞተው። አይበሰብስም።"

"ከፊቴ አንሺው።"

"ወዴት ልውሰደው? አንድ ክፍል ናት ያለችን!"

ተያየን። በዚህ ቤት እንደዚያ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። የመቀስ አያያዟ መጥፎ ነው፤ ጠርዙን ትበላዋለች። መቀሱን ቀማኋት። አሳየኋት። ከዚያ መልሼ ሰጠኋትና ወጣሁ። ውጪ ቁጭ ብዬ ድምፁን ሰማሁ፣ ቀች፣ ቀች... እስክትጨርስ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9

ሌላ ተነስታለች። ከዚያው፣ ከሆንዱራስ በላይ። ወቅቱ አላለቀማ።

በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተሰበሰቡ። ቤኒግኖ ከኮሚቴው የተሰጠ ሬዲዮ አምጥቷል። ያው የደከመ ድምፅ፣ ያው ቃል፦ በየት እንደምትገባ አሁን ለመናገር አይቻልም። ሁሉም ዞረው ኤውሎጂዮን አዩት። መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ጋሽ ኤውሎጂዮ?"

"አላውቅም" አለ።

ሰው ተንጫጫ። "ምን ማለት ነው አላውቅም? አንተም ሬዲዮ ሆንክ?" "ተው እንጂ ጋሼ፣ ግራ ናት ቀኝ?" "አንድ ነገር በለን!" ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። አንዷ ጠመኔ አምጥታ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት፣ ጣቶቹን አጠፈችበት። ቤኒግኖ፣ ክንዱ ገና በጨርቅ የታሰረው ቤኒግኖ፣ ብብቱ ውስጥ ገብቶ አስነሳው።

ኤውሎጂዮ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ እኔን አየ።

"አበልጄ፣ ምን ልበላቸው?"

ስንት ቀን ይህን ጠብቄ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ይኸው ጊዜው። ተደግፎ የቆመው ሽማግሌ ነው። የሚጎትቱት እነሱ ናቸው፤ ደግሞ ይጎትቱታል፣ እሱ ቢሞት ሌላ ሰው ሳጥን ላይ ያስቀምጣሉ። ምን ብዬ እናገራለሁ? ማንን ብዬ?

ዝም አልኩ። ዞሮ ቀስቱን ሣለ። በግራ።

አጨበጨቡ። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ቀሰስ ያለ ነው። ግን አጨበጨቡ።

ሴናይዳን በክንዷ ያዝኳት። "ጥቅልልሽን አንሺ" አልኳት። "ኧረ እትዬ፣ በግራ ናት አለ እኮ" አለችኝ። "አንሺ።" መኪናውን አልጠበቅንም። ሽቅብ ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ እያልጎመጎመች ጥቅልሌን ቀማችኝና ደርባ ተሸከመችው።

አሁን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነን። ከኛ በቀር የመጣ የለም። አስተማሪው ካርታውን ዘርግቷል፣ ክሩን ይዟል። አወቀኝ። ሰላም አለኝ፣ ነፍስ ይማር አለኝ፤ ጥሩ ልጅ ነው። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍ አደረገና "የት እንደደረሰች ላሳይሽ፣ እናት?" አለኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በግራ ትግባ፣ በቀኝ ትግባ። ስትነሳ እወጣለሁ፣ ስታልፍ እወርዳለሁ፣ እግሬ እስከቻለ። በየት ትገባለች ብዬ ግን ከእንግዲህ አልጠይቅም። ኤውሎጂዮንም፣ ሬዲዮውንም፣ ላይ ያለውንም አልጠይቅም።